የአሌታ ሦስት የከሸፉ ጥይቶች

አሌታ ፊሳጊ ያን ክረምት የጀመረችው ተቆጥታ ነው። ባሏ ፍሎሪስ ከሞተ ጀምሮ ሊያጽናናት የመጣው ሁሉ፣ ከቄሱ እስከ ሱፍ ነጋዴው፣ ተመካክሮ እንደመጣ አንድ ነገር ይላታል። «በጎቹን ሽጪና ከተማ ግቢ።» ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስድስት መቶ በግ አላት፤ የሮጌፌልድን ደጋ ውርጭ እንደ ጎረቤቷ ታውቀዋለች። ከተማ ገብታ ምን ልትሠራ ነው? መስኮት ላይ ተቀምጣ መኪና ልትቆጥር?

ስለ ጠመንጃው ግን ማንም ሽጪ አላላትም። መሸጥ ሳያስፈልግ ከእጇ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። ፈቃዱ በፍሎሪስ ስም ነበር፤ ፍሎሪስ ሲሞት ፈቃዱም አብሮት ሞተ። በራሷ ስም ለማውጣት ተኳሽ መሆኗን የሚመሰክር ደብዳቤ ከተኩስ ክለቡ ያስፈልጋታል። ክለቡ ደግሞ ደብዳቤ የሚሰጠው በክረምቱ ውድድር በሦስት መቶ ሜትር ላይ ከመቶ ሰማንያ ላመጣ ብቻ ነው። ካላመጣች ጠመንጃው ፈቃድ ላለው ዘመድ ይተላለፋል። ያ ዘመድ የፍሎሪስ ታናሽ ወንድም ዲርኪ ነው። ዲርኪም ሐዘን ሊደርስ በመጣ ቁጥር ዓይኑ ጠመንጃው የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ነበር።

አሌታ መተኮስ እንደምትችል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የፍሎሪስ ዓይን ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ግልገል የሚበላውን ቀበሮ ሁሉ የጣለችው እሷ ናት፤ ፍሎሪስ ግን ያፍር ስለነበር ገበያ ላይ ስሙ የሚነሣው የሱ ነው። «ትናንት አንዱን ጣልኩት» ሲል ከጎኑ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። ለባሏ ስትል አፏን ይዛ ኖረች። አሁን ግን ባል የለም፤ በጎቹ የሚወልዱበት ወቅት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቀበሮውም ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ሐዘን አይቀመጥም።

ጠመንጃው ከሱቅ የተገዛ የአዳኝ ጠመንጃ ነው፤ መዝጊያውን በእጅ እየሳቡ አንድ በአንድ የሚያጎርሱት። ጥይቱ ግን የሠራዊት ነው። ሠራዊቱ ትርፉን ለክለቦች በሸጠ ጊዜ ፍሎሪስ አራት የብረት ሣጥን ሙሉ ገዝቶ በሱፍ መጋዘኑ ውስጥ ደረደረው። በሱቅ ጠመንጃ የወታደር ጥይት ያለ ምርመራ አይተኮስምና አስቀድሞ ጠመንጃውን ባለሙያ ዘንድ ወሰደው። ባለሙያውም መለኪያ ብረቱን ጥይት ማጉረሻው ውስጥ ከትቶ አየና «ይስማማዋል፣ ብላ በለው» አለው። ከዚያ ወዲህ ጥይቱን መልቀም የአሌታ ሥራ ሆነ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ፣ እያንዳንዱን ገልብጣ ቂጡ ላይ የተመታውን ዓመት ታነባለች። አረንጓዴ ዝገት የያዘውን፣ አንገቱ የተሰነጠቀውን ትጥላለች። በአንድ ዓመት የተሠሩትን ብቻ አንድ ላይ ታኖራለች፤ የአንድ ዓመት ልጆች የሚያርፉት አንድ ቦታ ነው። ማነጣጠሪያውም የተስተካከለው ለእነሱ ነው።

ለውድድሩ ሠላሳ ጥይት መረጠች። በዋዜማው ጠመንጃውን አውርዳ ወለወለች። መጨረሻ ላይ እዚያ አገር የከበረ ዕቃ ሁሉ የሚደረግለትን አደረገችለት፤ የበግ ላት ቀባችው። በሮጌፌልድ የላት ስብ የማይገባበት ቦታ የለም። ጫማ በሱ ይለሰልሳል፤ የበር ማጠፊያ፣ የኮርቻ ቆዳ፣ ውርጭ የሰነጠቀው እጅ፣ ሁሉም በሱ ነው። መዝጊያውን ፈትታ ውስጡን፣ ጥይቱን የሚመታውን መርፌና የሚገፋውን ሞላ ሳይቀር አጠገበችው። ፍሎሪስ በሕይወት ሳለ መዝጊያውን ማንንም አያስፈታም ነበር፤ ለምን እንደማያስፈታ ግን ለሚስቱ መንገር አልታየውም። እንዲህ ያለ ባል ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት የተኩስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ሰዉ እስትንፋሱ እየጨሰ መኪኖቹ መሐል ቆሟል። ፍም ላይ የበግ ጎድን ይጠበሳል፤ አጠገቡ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይንፎለፎላል። የክለቡ ሊቀመንበር ሽማግሌው ሳሬል ናቸው፤ አገሩ በሙሉ ኡም ሳሬል፣ አጎት ሳሬል እንደማለት፣ ይላቸዋል። መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው መጡ።

«አሌታ፣ መጣሽ?»

«መጣሁ፣ ኡም ሳሬል።»

«በዚህ ብርድ ባትመጪ ማንም አይወቅስሽም ነበር።»

«እኔ እወቅሰው ነበር፣ ራሴን።»

ዲርኪ የጎድን አጥንት እየጋጠ ወደ እነሱ ዞረ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ የወረዳው አንደኛ የወጣ ሰው ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳ አይፈቅድም።

«ወንድሜ ያጠራቀመውን ያንን የድሮ ጥይት ነው የያዝሽው?» አላት።

«እሱን ነው።»

«ኧረ ተይ። ከእኔና ካንቺ ጋብቻ ይበልጣል እኮ ዕድሜው።»

«ካንተ ጋብቻ የማይበልጥ ምን አለ፣ ዲርኪ?»

ሰው ሳቀ። ዲርኪ ሦስተኛ ሚስቱን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እሱም ሳቀ፣ ግን ዘግየት ብሎ ነው።

አሌታ የመጀመሪያው ተራ ላይ ተኛች። ሸራው ከሥሯ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ኢላማውን አየች፣ ትንፋሿን አወጣች፣ ቃታውን ቀስ አድርጋ ሳበች።

ቀጭ አለ። ሌላ ምንም የለም።

«አትንቀሳቀሽ፤ አፈሙዙ ኢላማው ላይ ይቆይ» አሉ ኡም ሳሬል። ዘግይቶ የሚፈነዳ እንዳለ ሠላሳ መቁጠር ደንብ ነው። ሠላሳ ቆጠሩ። መዝጊያውን ሳበች፣ ጥይቱ ወጣ። ሁለተኛውን አጎረሰች። ቀጭ። ሠላሳ ተቆጠረ። ሦስተኛውም ቀጭ አለ። 

«ይብቃ» አሉ ሽማግሌው። «ጥይቱ ሞቷል፣ ልጄ።»

«ባለቤቱም ሞቷል፣ ጥይቱም ሞቷል» አለ ዲርኪ፤ ነገሩ ከአፉ ሲወጣ እንደከፋ ለራሱም ታወቀው። ጎንበስ ብሎ ከኪሱ አንድ ፓኮ አዲስ ጥይት አወጣላት። «ይኸው፣ የእኔን ውሰጂ። የሱቅ ነው፣ ይፈነዳል።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወስድ ነበር። ደንቡ ጥይት ለከሸፈበት ተኳሽ በመጨረሻው ተራ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና መተኮስ ይፈቅዳል። የዲርኪ ጥይት እንደሚፈነዳ አሌታም አልተጠራጠረችም። የት እንደሚያርፍ ግን አታውቅም። ማነጣጠሪያዋ ለዚያ ጥይት አልተስተካከለም፤ በሦስት መቶ ሜትር ላይ ሁለት ስንዝር ወደ ጎን ቢሄድ ሰማንያው ሕልም ይሆናል። ፈርታ ነበር። 

«አመሰግናለሁ፣ አቆየው» አለችና ጠመንጃዋንና ሦስቱን ጥይቶች ይዛ ወደ እሳቱ ሄደች።

ገልብጣ አየቻቸው። ቂጣቸው መሐል ባለችው ካፕሱል ላይ የመርፌው ምልክት አለ፤ ግን ጥልቀት የለውም፣ ጥፍር የጫረው ይመስላል። አሌታ በሕይወቷ አራት ሺህ ቀለህ ለቅማለች፤ ደህና የተመታ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የወታደር ካፕሱል ቆዳው ወፍራም ነው፤ ወታደር እየሮጠ በድንገት እንዳይፈነዳበት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጠንከር ያለ ምት ይፈልጋል። ይሄ ምት ልፍስፍስ ነው። ታዲያ የለፈሰፈሰው ማነው? ጥይቱ ሳይሆን መቺው ነው።

ይህን እያሰበች አንዱ ጎረቤት የጎድን ሳህን አቀበላት። ከፍሙ ከወረደ ብዙም አልቆየም፤ ዙሪያው ላይ የፈሰሰው ስብ ግን ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ረግቷል። አሌታ ሳህኑን አየች፤ ከዚያ ክንዷ ላይ የተጋደመውን ጠመንጃ መዝጊያ አየች። ትናንት ማታ በገዛ እጇ ስብ ውስጥ የቀበረችውን መርፌ አሰበች።

«አይ አንቺ ደደብ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ማን? እኔ?» አለ ጎረቤቷ።

«እኔ ነኝ። ይልቅ ያንን ማንቆርቆሪያ አቀብለኝ።»

መዝጊያውን ፈታችው። ውስጡ የክረምት ወጥ ሆኖ ረግቷል፤ ሞላው ሲሳብ እንደ ሰነፍ በሬ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በጣሳ ውስጥ ከትታ የፈላ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ስቡ ቀልጦ ላይ ተንሳፈፈ። ደጋግማ አጠበችው። ለምድጃው ነጭ ጋዝ ከያዘ አንድ ባለመኪና ለምና የቀረው ውኃ ውስጡ በረዶ እንዳይሆን በሱ አለቀለቀችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ምንም ሳትቀባ ገጠመችው። ዲርኪ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ያያል።

«ላት ማጠብ ምን ይጠቅማል? አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ላት ነው የቀባው» አላት።

«አባታችሁ የሚተኩሰው ምሳ በልቶ፣ ፀሐይ ሞቆ ነበር።»

የመጨረሻው ተራ ሲጠራ ውርጩ በጥላው ቦታ ገና አልቀለጠም። አሌታ ተኛች። አሥር ጥይት ደረደረች፤ ከፊት ያስቀመጠችው ሦስቱን የከሸፉትን ነው። ኡም ሳሬል ጎንበስ ብለው አዩና ፂማቸውን ዳበሱ።

«እነዚህንም?»

«ከፈቀዱልኝ። ከከሸፉ ሠላሳ ይቁጠሩልኝ።»

«የራስሽ ጉዳይ ነው፤ ከሸፈም አልከሸፈም ይቆጠራል። ሌላ ዕድል የለሽም።»

«አውቃለሁ።»

ቃታውን ሳበች። ሰደፉ ትከሻዋን ገፋት፤ ድምፁ ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሕይወቷ እንደዚያ የጣማት ግፊያ የለም። መዝጊያውን ስባ ሁለተኛውን አጎረሰች፤ ፈነዳ። ሦስተኛውም ፈነዳ። ከኋላዋ አንድ ሰው በቀስታ «እሰይ» አለ። አራተኛው ላይ ነፋስ ተነሣ። ሣሩ እስኪቀመጥ ጣቷን ከቃታው አንሥታ ጠበቀች፤ ቀበሮን በዚህ ዓይነት ጠብቃ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አልቸኮለችም፣ አልዘገየችምም። አሥረኛው ሲወጣ መዝጊያውን ከፍታ ባዶ መሆኑን አሳየችና ሸራው ላይ ግንባሯን ደፋች። ፍሎሪስ ከሞተበት ከኅዳር ወዲህ ያላለቀሰችውን ያኔ ትንሽ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ኢላማው መጣ። ኡም ሳሬል መነጽራቸውን ጠርገው አንድ ጊዜ ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«ዘጠና ሦስት» አሉ።

ዲርኪ ያን ቀን ያመጣው ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ከከተማ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘጠና አምስት አምጥቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ የሐኪሙን ስም ግን ዛሬ በሮጌፌልድ የሚያስታውስ የለም። ዲርኪ ኢላማውን በሁለት እጁ ይዞ ቀዳዳዎቹን ለረጅም ጊዜ አየ። ሲያያቸው ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ፍሎሪስ እንዲህ መትቶ አያውቅም» አለ በመጨረሻ።

አሌታ የተኮሰቻቸውን ቀለሆች እየለቀመች ኪሷ ጨመረች።

«ቀበሮዎቹ» አለ ዲርኪ፤ «ባለፉት ዓመታት የወደቁት ቀበሮዎች… አንቺ ነሽ?»

«ወንድምህ መልካም ሰው ነበር» አለችው። «ዓይኑ ብቻ ነው የደከመው።»

ዲርኪ ኮፍያውን አወለቀ። 

ኡም ሳሬል የመኪናቸው ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግተው የደብዳቤውን ቅጽ ይሞላሉ። ስሟን ጻፉ፣ ነጥቧን ጻፉ። ጠመንጃው ለምን እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቀው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቆሙ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት እንዴት እንደሚናገሯት ያውቃሉ።

«የባለቤቴ መታሰቢያ ስለሆነ ብዬ ልሙላው፣ ልጄ? ፖሊሶቹም ይህን ሲያዩ ልባቸው ይራራል።»

«የለም፣ ኡም ሳሬል» አለች አሌታ። «ለመተኮስ ብለው ይጻፉልኝ።»