የአያ ሰይድ እግር፦ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ መርሳ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ መርሳ

ረዳቱ "ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጮሃል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ራሳችን ሁለት ነን። ሽንኩርት ነጋዴ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ውሸት አያናድደኝም፤ ከኔ የተሻለ የሚዋሽ ሲያጋጥመኝ ብቻ ትንሽ እቀናለሁ።

ዛሬ ይዤ የምሄደው ሽንኩርት አይደለም፤ አያ ሰይድን ነው። የሀብሩ ገበሬ ናቸው። ሽንኩርታቸውን ሌላ ነጋዴ ገዝቶት አያውቅም፤ በኔም ቃል ላይ ምስክር ጠርተውብኝ አያውቁም። ልጆቻቸው አንዱ ጅዳ፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ናቸው። አብራቸው ያለችው እህታቸው ዘይነባ ከብቶቹን ለጎረቤት አስረክባ ነገ ትከተለናለች። ስለዚህ የዛሬው አስታማሚ እኔ ነኝ።

አያ ሰይድ ስኳር አለባቸው። የቀኝ እግራቸውን ትንሿን ጣት አዲስ ጫማ ልጧት ነበር። ቅጠል ተደረገባት፣ ቅባት ተቀባች፣ በመጨረሻ ጠቆረች። መርሳ ያዩዋቸው ባለሙያ ሳይደብቁ ነገሯቸው፦ "ጣቷ ቶሎ ከወጣች እግሩ ይተርፋል። ከዘገየች ግን ወደ ላይ ትሄዳለች።"

የምንሄደው እንግዲህ ጣት ሰጥተን እግር ልናስቀር ነው።

ሹፌሩ እግራቸው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አይቶ ከፊት አስቀመጣቸው። "አያ፣ እንደልብዎ ይዘርጉት። ማርሹን ብቻ እንዳይመቱብኝ።"

"አንተ ልጅ፣ እንዲህ ስታዘግም ማርሽ ያለው መኪና መሆኑንም አላወቅሁ" አሉት።

ሲሪንቃ

ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የተከራከረ የለም። ከመንገዱ ዳር ሴቶች ማንጎ በሳህን ደርድረው ይጠብቃሉ። አንዷ መስኮቱን አንኳኳች፤ አያ ሰይድ ማንጎውን አይተው ፊታቸውን መለሱ። "ስኳር ያልነካው ነገር አላህ አልፈጠረም መሰለኝ" አሉ።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላ በረድፍ በረድፍ ቆሟል፤ እያንዳንዱ መደብ ፊት ለፊት ጽሑፍ ያለበት እንጨት ተተክሏል። አያ ሰይድ በገበሬ ዓይን አዩት፦ "ማንም ገብቶ የማይሆን ውሃ አያጠጣውም። ምን እንደሚደረግለት ፊቱ ላይ ተጽፏል።"

ወልድያ፣ ረፋድ

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይመስላል።

ከበሩ በላይ ስለ ጥራት ያለው የታካሚ አገልግሎት የሚናገር ባነር ተዘርግቷል። ባነሩ አዲስ ነው። ከሥሩ ያለው ተሽከርካሪ አልጋ አንድ ጎማው ስለወለቀ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል። ካርድ ክፍል ተሰለፍን። ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ ላብራቶሪ፣ ከዚያ ውጤቱን ይዞ ያንኑ ሐኪም ፍለጋ። ጓንትና ግሉኮስ ከውጭ ገዛሁ። አንድ መድኃኒት ሦስተኛው ፋርማሲ ውስጥ ተገኘ፤ ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ፤ ክረምት ላይ ሽንኩርት ሲወደድ የኔም እንደዚያ ናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ ግን ቁጭ ብሎ አናገራቸው። "አባት፣ ነገ ጠዋት እንሠራዎታለን። ጣቷንና ዙሪያዋን ብቻ። በጊዜ ነው የመጡት።"

አያ ሰይድ አልሐምዱሊላህ ብለው ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን ያህል ፈርተው እንደነበር አልገባኝም ነበር።

አመሻሽ ላይ ነርሷ፣ ሲስተር ትዕግስት፣ ክንዷ ላይ መድኃኒት እንደታቀፈች የክፍሉ በር ላይ ቆመች። "ነገ ኦፕራሲዮን ያላችሁ ሌሊቱን ምንም እንዳትቀምሱ! ውሃም ቢሆን!" አለች፤ ከወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ግሉኮሱ አልቋል ብሎ ሲጮህ ወደዚያ ሮጠች። ለምን እንደማይቀመስ የጠየቀ የለም፤ የነገረም የለም።

"ጾም ለኔ አዲስ ነው እንዴ?" አሉ አያ ሰይድ። አስታማሚዎች ውጡ ተባልንና እኔም ማደሪያ ፍለጋ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት

ዘበኛው "የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም" ብሎ በር ላይ አቆመኝ። ስገባ ዘይነባ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ሳህን ትጠርጋለች። በመጀመሪያው መኪና ከመርሳ መጥታ፣ ቁርስ ከሚያስገቡ ሴቶች ጋር ተጋፍታ ገብታለች። የገብስ ገንፎ ይዛ ነው የመጣችው፤ በፎጣ ጠቅልላ፣ በጉያዋ አሙቃ።

"ምን አጎረስሻቸው?" አልኳት።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ስኳር ያለበት ሰው ምግብ መዝለል የለበትም ብለው መርሳ ላይ እኔን አይደል ያስጠነቀቁኝ? ባለፈው ረመዳን እጾማለሁ ብለው መስጊድ ደጃፍ ሲወድቁ ማን አነሳቸው? ሲስተሯ ናት?"

አያ ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞረዋል። "ነግሬያት ነበር" አሉ ዝቅ ብለው። "ሙቀቱ ሳይወጣ በጉያዋ ይዛ መጥታ... እንዴት ብዬ መልሼ ላሲዛት?"

እዚህ ላይ አንባቢ በዘይነባ ላይ እንዳይፈርድ። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። መርሳ አንድ ትእዛዝ ተሰጣት፣ ወልድያ ሌላ ትእዛዝ ወጣ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያገናኛቸው ሰው ግን አልነበረም።

"ሳህኑን ሸፍኚው" አልኳት። "ማንም ከጠየቀ አልቀመሱም።" እኔ የማውቀው መድኃኒት እንዲህ ያለ ውሸት ነው።

ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ አረንጓዴ ልብሱን ለብሶ መጣ። "አባት፣ ከሌሊት ጀምሮ የቀመሱት ነገር አለ?"

ዘይነባ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። እኔ ጣራውን አየሁ።

"በልቻለሁ ልጄ" አሉ አያ ሰይድ። "ወላሂ ርቦኝ አይደለም። እህቴን እንዳላሳፍራት ነው።"

ሰውየው አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "እንኳን ነገሩኝ። ተኝተው ሳሉ የበሉት ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባዎ ይገባል፤ እዚያው ይቀሩብኛል። ዛሬ አልደፍርም።"

"ከሰዓትስ?" አልኩት።

"የሚሠራው ጠረጴዛ አንድ ነው፤ ከሰዓት ለወላዶች ተይዟል። ረቡዕም ሞልቷል፤ ሐሙስ እንሞክራለን።"

ዘይነባ ያን ጊዜ ነው የገባት። አላለቀሰችም። ባዶውን ሳህን ይዛ ወጥታ ቧንቧው ጋ ለረጅም ጊዜ አጠበችው።

ያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ሲስተር ትዕግስትን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። "ሲስተር፣ ሲሪንቃ እያንዳንዱ ማሽላ ፊቱ ላይ ምልክት አለው። እዚህ የማይበላውን ሰው ከሚበላው የሚለይ ነገር የለም" አልኳት።

"ጋሼ፣ ሐሳብ አልጎደለንም" አለችኝ ሳትቆም። "ባለፈው ስብሰባ እኔው ነኝ ያነሳሁት። ካርድ ይታተማል ተባለ። እስኪታተም በምን ልጻፍ፣ በጥፍሬ?"

ወጥቼ ከአንድ የማውቀው ሱቅ ባዶ ካርቶንና ማርከር ይዤ ተመለስኩ። "አይብላ" ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና ለረቡዕ ሌሊት እንዲደርስ አልጋው ላይ አሰርኩት፤ ራሴን ሚኒስትር አድርጌ ቆምኩ። ዘይነባ ካርቶኑን አይታ "ምን ይላል?" አለች። "እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ?"

ሲስተሯ ማርከሩን ከእጄ ወሰደች። ሳህን ሣለች፣ በላዩም ወፍራም መስመር አጋደመችበት። ኦፕራሲዮን የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች አልጋ ላይም አሰረች፤ እያሰረችም ለእያንዳንዱ አስታማሚ ጎንበስ ብላ ምክንያቱን አስረዳች። ሥራው ያን ያህል ብቻ ነበር። ለኛ ግን አንድ ቀን ዘግይቷል።

ሐሙስ

ሌሊቱን ትኩሳታቸው ወጣ። አያ ሰይድ ከውሃም ከምግብም ታቅበው፣ ካርቶናቸው ራስጌያቸው ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቁ። ማለዳ ከሐራ በኩል ደም የሚፈሳት ወላድ በአምቡላንስ መጣችና ጠረጴዛው ለእሷ ሆነ፤ ከሰዓቱም እንደወትሮው የወላዶች ነው። ማን ይከራከራል? አያ ሰይድ ራሳቸው "ትቅደም፣ ሁለት ነፍስ ናት" አሉ። በኋላ ሁለቱም ተርፈዋል መባሉን ሲሰሙ አላህን አመሰገኑ፤ ከልባቸው ነበር።

የእግራቸው ጥቁረት ግን ከጣቷ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ሽታው ጎረቤት አልጋ ደረሰ። ጎረቤታቸው ጨዋ ሰው ነው፤ መስኮት የሚከፍተው ሞቀኝ ብሎ ነው።

ዓርብ

ወጣቱ ሐኪም ጠዋት ጨርቁን ፈትቶ አየና መልሶ ሸፈነው። "አባት፣ አሁን ከጉልበት በታች ነው። ካልሆነ እርስዎን ነው የምናጣው።"

"ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለጣቷ ነበር" አሉት።

"አውቃለሁ" አለ። ሰበብ ስላልደረደረ አከበርኩት።

ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ዘይነባ በር ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን እያየች "በእጄ... በገዛ እጄ" ትላለች። አያ ሰይድ ሲወሰዱ አልጋውን አስቆሙና ጠሯት። "ስሚኝ፤ ስነቃ ይርበኛል። ከዚያ ገንፎሽ ሌላ አልፈልግም።"

በሰላም ወጡ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሠራተኛ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ "የሰይድ ቤተሰብ!" ሲል ተጣራ። ተቀበልኩት። ሽንኩርት ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝና እጄ ሳላዘው ክብደቱን ገመተ፤ በራሴ አፈርኩ።

አያ ሰይድ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ገና ሳይጠራ፣ "አንተ አድርሳት። አባቴ መቃብር ዘንድ" አሉኝ።

ወልድያ መናኸሪያ፣ ከሰዓት

በካርቶን አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ረዳቱ መጣ። "ጋሼ፣ ዕቃው ጣራ ላይ ይጫን?"

"አይጫንም።"

"እንግዲያው የሰው ሒሳብ ይከፈልበታል።"

"የሰው ነው፤ እከፍላለሁ።"

"ምን ቢሆን ነው?"

"የአያ ሰይድ እግር።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። ሹፌሩ በመስታወቱ ተመለከተኝና የከፈተውን ዘፈን አጠፋው። እስከ መርሳ ድረስ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም፤ በዚህ መስመር ስመላለስ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መርሳ፣ ማምሻ

በስልክ አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ጎረቤቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው መቃብሩ ጋ ቆመዋል። ግማሹ የሰማው ግን "የሰይድ ቀብር" የሚለውን ብቻ ነው፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። "ሰውየው አሉ! በሕይወት አሉ!" ብዬ ጮህኩ። ልቅሶው ቆመ፤ ግን ማንም ደስ አላለውም፤ ካርቶኑን ያያሉ።

አንድ አዛውንት ጠጋ አሉኝና "ታዲያ ምን ያህል እንቆፍር?" አሉ። ማንም አላወቀም። ሌላው ሶላት ይሰገድባት እንደሆነ ጠየቀ። ሼሁ አሰቡና "ባለቤቷ በሕይወት አለ፤ አይሰገድም። በክብር አስቀምጧት" አሉ። አነስተኛ ጉድጓድ ቆፍረው ከነነጭ ጨርቋ አኖሯት።

አፈሩ ሳይደፈን ስልኬ ጮኸ። አያ ሰይድ ናቸው፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል።

"ደረሰች?"

"ደረሰች፣ አያ።"

"ከአባቴ በየት በኩል?"

"በቀኛቸው።"

"ከሷ ወዲያ ሰው እንዳይቀብሩ ንገርልኝ። የቀረነው እስክንመጣ ቦታው የኛ ነው።"

ነገርኳቸው። አዛውንቱ አካፋቸውን አስቀምጠው ከትንሿ ጉድጓድ ጫፍ ተነሱና የአንድ ሰው ቁመት ያህል በእርምጃ ለኩ፤ እዚያ ድንጋይ አኖሩ።