«ተመለስ» እያልኩ የጠራሁት ውሻ

«አንቺ ልጅ፣ በውሻ እያሳበብሽ የምትወጊኝ ምን በድዬሽ ነው?»

እንዲህ ያሉኝ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ፊት ለፊት ቆመው፣ ዓይኔን እያዩ። እኔ የተበጠሰ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ውሻችን አምልጦኝ ወደ ገበያው ሽቅብ ይሮጣል።

አባቴ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣው፣ የፈረንጅ ዘር። ሲመጣ ዘምቢል ውስጥ ይገባ ነበር፤ በዓመቱ ጥጃ አከለ። የታጠበ ልብስ ያወርዳል፣ የድንጋይ ካብ ይዘላል፣ እንግዳ ሲገባ ሁለት እግሩን ደረቱ ላይ ይሰቅላል። ካልሮጠ አይተኛም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ማስሮጡ ለእኔ ተሰጠ። ቢቸና ውስጥ እንደ እኔ ቁጭ ማለት የሚያቅተው እሱ ብቻ ነበር።

ስም አላወጣንለትም። በየጠዋቱ ሲያመልጠኝ «ተመለስ!» እያልኩ ስጮህ ስሙ ሆኖ ቀረ።

እኛ አገር የውሻ ስም ዝም ብሎ አይወጣም። ጎረቤቱን መንካት የፈለገ ሰው ነገሩን በውሻው ስም ይናገራል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን አላሰብኩትም። የሴትዮዋ ልጅ ከቤት እንደወጣ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። እኔ በየጠዋቱ ደጃቸው ላይ «ተመለስ! ተመለስ!» ስል ከርሜያለሁ።

«እማማ፣ ማርያምን፣ እርስዎን ብዬ አይደለም።»

«ሰሙ ለውሻሽ፣ ወርቁ ለእኔ። ገብቶኛል።»

በሌላ ስም ብጠራው ዞሮም አላየኝ። ሳልጠራው ስቀር ደግሞ ሰው ላይ ይዘላል። ሴትዮዋ ለእናቴ ሰላምታ ነሷት። እናቴ ሳምንት ታገሰች፤ ከዚያ፣

«ወይ ውሻው ወይ ጎረቤቴ» አለች። «ስሞት የሚያለቅሱልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ውሻውም ያለቅስ ይሆናል» አልኳት። አልሳቀችም።

ሞጣ የምትኖረው አክስቴ ግቢ አላት፤ ውሻውን ለእሷ እንድሰጥ ተወሰነ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከኋላ፣ አብሬው ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ራሱን ጭኔ ላይ ጥሎ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ ሰንሰለት ይዛ ጠበቀችን።

«ይሄ ውሻ ነው ወይፈን?»

«ጠዋት ጠዋት ፍቺው፤ ካልሮጠ ያመዋል።»

«እኔ ጉልበቴን ይዤ ልሩጥ? ሰው ቢነክስብኝስ? ታስሮ ይለምዳል።»

ሰንሰለቱን ባሕር ዛፉ ላይ ጠመጠመችው። ውኃ ቀዳሁለት፤ አልጠጣም። ቆሞ ያየኛል፣ ጅራቱን እየወዘወዘ። የምንሮጥ መስሎታል።

«ሚኒባሱ ሳይሞላብሽ ሂጂ» አለች አክስቴ።

ነጠላዬን አጣፍቼ በሩን ዘጋሁና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።