ያለምወርቅ የዘለለቻቸው ሁለት ገጾች

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብዕር የያዝኩት ዘግይቼ ነው፤ ፊደሉም ገና በእጄ አልተገራም። ግን የጎረቤቴን የያለምወርቅን ነገር ከእኔ ሌላ የሚጽፈው ስለማይገኝ ደፈርኩ። ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

ያለምወርቅ ሉማሜ ውስጥ ከአውቶቡሱ መቆሚያ ጀርባ የምትኖር፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ናት። ማንበብ የተማረችው በአርባ ሦስት ዓመቷ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ ሳትናገር ገብታ ሳትናገር የምትወጣ ነበረች።

ቤቷን ተከራይቶ የነበረ መምህር ሲዛወር አራት መጻሕፍት ትቶላት ሄደ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጥል ተከታታይ ታሪክ ነው። ነገሩ የሚሆነው ሩቅ ባሕር ላይ ባለች ደሴት ነው፤ ያላት ቤት ሃምሳ አይሞላም፣ ጀልባ የሚመጣው በሳምንት አንዴ። በየመጽሐፉ አንድ ሰው ይገደላል። ገዳዩም ከዚያው ከሃምሳው ቤት አይወጣም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ እማማ ወለተ ሰንበት እንዝርታቸውን ይዘው፣ ባለሱቋ ነፊሳም ሱቋን ገርበብ አድርጋ ይመጣሉ። ያለምወርቅ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች ታነብላቸዋለች። የባዕድ አገሩ ስም ለምላስ ስላስቸገረ ጀልበኛውን ገዳሙ፣ ሐኪሙን ይታያል ብለው ሰየሟቸው።

«ይኸ ገዳሙ ዓይኑ አላማረኝም» ይላሉ እማማ።

«እማማ፣ ዓይኑን የት አዩት?» ትላለች ነፊሳ።

«ያለምወርቅ ስታነበው አየሁታ።»

ከዚያ ወዲህ ያለምወርቅ በሩ ሥር መቀመጧ ቀረ። ልቅሶ ቤት እንኳ «አንባቢዋ፣ ወደዚህ እለፊ» ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ማንም የማያውቅባት እየመሰላት ግን፣ ቃሉ ሲከብዳት ትዘላለች። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ከሟቹ ትራስ ሥር ደብዳቤ ተገኘ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ጥርስ የሚሰብር ቃል ሁሉ የታጨቀበት። ያለምወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገችና «የሰላምታ ደብዳቤ ነው» ብላ ሁለቱንም ገጽ ገልጣ አለፈች።

መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እማማ አውጫጭ ጠሩ።

«በአባቶቻችን ጊዜ ሰው ሲገደል አገሩ ተሰብስቦ፣ የጠረጠረውን ሳይናገር ከአጥሩ የሚወጣ አልነበረም። ተናገሩ እስቲ።»

ነፊሳ ገዳሙን አለች። ያለምወርቅም ገዳሙን አለች። እማማ እንዝርታቸውን አስቀመጡና «እጁ ይድረቅ፣ የዘራው አይብቀል» ብለው ረገሙት።

በማግስቱ የመጨረሻው ምዕራፍ ሲነበብ ገዳዩ ሐኪሙ ይታያል ሆኖ ተገኘ። ያጋለጠውም ያ ደብዳቤ ነው።

«ይኸ ጸሐፊ ሊያሞኘን ነው እንዴ?» አለች ነፊሳ። «ሐኪሙን ከየት አመጣው? እኔስ አራተኛውን አልሰማም።»

እማማ ግን «ንጹሕ ሰው ረገምኩ» አሉ።

«መጽሐፍ እኮ ነው፣ እማማ።»

«እርግማኑ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ነገ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ። አርባ ስግደት መስጠታቸው አይቀርም።»

እማማ ከዱካቸው፣ ከዚያች አጭር በርጩማ፣ ለመነሣት እንኳ ሁለት ሰው ይዟቸው ነው። ያለምወርቅ ዝም ብትል እኚህ አሮጊት በዚያ ጉልበት ሊሰግዱ ነው፤ ብትናገር ደግሞ ተመልሳ በሩ ሥር ልትቀመጥ ነው።

«እማማ» አለች ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብዳቤውን አላነበብኩትም። ከበደኝና ዘለልኩት። ሌላም ጊዜ ዘልያለሁ።»

የእማማ እንዝርት ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«መዝለልሽንማ አውቃለሁ» አሉ እማማ። «ጉሮሮሽን የምትጠርጊው ያን ጊዜ ነው። ዳዊት ከሚደግም ባል ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። እሱም ሲከብደው ያስለው ነበር።»

«ታዲያ ካወቁ ገዳሙን ለምን ረገሙት?» አለች ነፊሳ።

«አንዳንድ ቃል መስሎኝ ነዋ። ደብዳቤ ሙሉ ትውጣለች ብዬ መች ጠረጠርኩ?»

ነፊሳ ግድግዳ እስክትይዝ ሣቀች። «እኔ ደግሞ ጸሐፊውን ሳማ ዋልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ስግደቱስ?» አለች ያለምወርቅ፣ ፈራ ተባ እያለች።

«በጎደለ ምስክር የተረገመ ሰው እርግማኑ አይደርስበትም። ደግሞ ስግደት ካለም አንቺ ስገጂ፣ ጉልበትሽ ገና ነው። ግን ልጄ፣ ሲከብድሽ ከበደኝ በይ። ሦስት ሰው ገፍቶት የማይወድቅ ቃል የት አለ?»

ያለምወርቅ ጤፍ ተሸክማ ገበያ ደርሳ እንዳወረደች ሁሉ ወገቧ ቀና አለ። መሣቅ ጀመረች፣ ማቆምም አቃታት።

በማግስቱ ጠዋት ዱካዋን ይዛ ነፊሳ ሱቅ ደጃፍ ወጣች፤ እማማንም ደግፋ አመጣቻቸው። ደብዳቤውን ገለጠችና፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ፊደል በፊደል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አምስት ቦታ ቆማ «ይኸ ከበደኝ» አለች። ሁለቱ ገጾች ሲያልቁ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።