ለፍልሰታ መፍቻ የሠራሁት ፓስታ

ባለቤቴ ከእስር የተፈታው ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም ነበር። ከቁስቋም በኩል የሚወርደው ጎርፍ ደጃችንን እየላጠ ስለሚያልፍ በሩ ላይ ድንጋይ ደርድሬ በዚያ ላይ እየተራመድኩ ነበር የምገባ የምወጣው። በሩ ሲንኳኳ ጎረቤት መሰለኝና "ክፍት ነው፣ ግቡ" አልኩ። ማንም አልገባም። ደግሞ ተንኳኳ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ኮቱን በራሱ ላይ ጥሎ ቆሟል። ፊቱ ከስቶ ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል።

"መግባት ይቻላል?" አለኝ።

የገዛ ቤቱን ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። እጁን ይዤ ስስበው ብቻ ትዝ ይለኛል።

ለምን እንደታሰረ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቅም። መምህር ነበር። አብሮት የሚያስተምር ሰው ተይዞ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ እሱንም ከክፍል አስወጥተው ወሰዱት። ያኔ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ሳይከሰስና ሳይፈረድበት አራት ክረምት እስር ቤት ከረመ። እኔም በየሳምንቱ ስንቁን በሳህን ቋጥሬ ከጉለሌ እሄድ ነበር። ዘበኛው ወጡን በማንኪያ ቆስቁሶ ያያል፣ እንጀራውን ይገላልጣል፣ ከዚያ ያሳልፈዋል። ከሽቦው ወዲህ እኛ፣ ከሽቦው ወዲያ እነሱ፣ መሀል ላይ ዘበኞቹ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚጮህ ማን ምን እንዳለ መለየት ያስቸግራል።

አንድ እሑድ ከሽቦው ማዶ ሆኖ "ያ ፒያሳ የበላነው ፓስታ! ምን ምን ነበረበት?" ብሎ ጮኸ።

አእምሮው የተነካ መሰለኝና ደነገጥኩ። ፓስታው ግን ወዲያው ትዝ አለኝ። ሳንጋባ በፊት ፒያሳ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ወስዶኝ ነበር። እኔ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጋቢና ነጠላ ነጋዴ ነበር፤ ፓስታ የማውቀው በስልስ ብቻ ነው። እዚያ የቀረበልን ግን ነጭ ክሬም የለበሰ፣ ከላዩ ወፍራም የተጠበሰ ስጋ የተቀመጠበት ነበር። ሹካውን እንዴት እንደማሽከረክር ያሳየኝ እሱ ነው። ሲወድቅብኝ እየሳቀ፣ ሲሳካልኝ ራሱን እየነቀነቀ።

"ስጋ!" ብዬ ጮህኩ። "ክሬም! ቁንዶ በርበሬ!"

አጠገቤ እያለቀሰች የነበረች ሴት ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። ዘበኛውም ፈገግ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት "ነጭ ሽንኩርትስ ነበረበት?" አለኝ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። ሌላ ልናወራው የምንችለው ነገር ግን አልነበረም። ስለ ጉዳዩ መጠየቅ አይቻልም፣ ስለ ጓደኞቹ ማንሳት አይቻልም፣ ናፍቀኸኛል ብሎ መጮህም በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያሳፍራል። "አዎ፣ ነበረበት" አልኩት። ስለዚህ በተፈታ ቀን፣ እርጥብ ኮቱን ስሰቅል፣ ምን እንደማበስልለት በልቤ ቆርጬ ጨርሻለሁ።

ጾሙ ግን ገና መጀመሩ ነው። ዘመድ ሁሉ "የተጎዳ ሰው አይጾምም፣ ሥጋ ስጪው" አለኝ። እሱ ግን "ቤቴ ገብቼ አንድ ጾም ልጹም" አለ። በቃ፣ ሽሮውንና ምስሩን እየሠራሁ ጠበቅሁ።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። አልጋው ስለለሰለሰበት መሬት ላይ ይተኛል። ሽንት ቤት መሄድ ሲፈልግ ይነሣና ቆሞ ያየኛል፤ "ሂድ" እስክለው ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር፤ ሲገባኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ መነሣቱን ሳይ አቀርቅሬ ሥራ የያዝኩ መምሰል ጀመርኩ። ቆይቶ ቆይቶ ራሱ ይወጣል። ስለ እስር ቤቱ አንድም ቃል አይናገርም። እኔም አልጠይቅም።

ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ፒያሳ ወረድኩ። ምግብ ቤቱ በመንግሥት ተወርሶ ስሙ ተቀይሯል፤ ወንበሮቹም ያረጁ ናቸው። አብሳዩ ግን የድሮው ሰውዬ ናቸው አሉኝ። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ስለ ምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ ባለቤቴ ከየት እንደመጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኳቸው። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

"ስጋውን ለብቻው በኃይለኛ እሳት ጥበሺው፤ ደጋግመሽ አታገላብጪው" አሉኝ። "ክሬሙን ግን አታፍይው። ከፈላ ይለያይብሻል።"

ከዚያ "ቆዪ" ብለው ገቡና በወረቀት የተጠቀለለ ቁንዶ በርበሬ ይዘው ተመለሱ። "ይሄ አሁን ገበያ ላይ የለም" አሉና እጄ ውስጥ ከትተውልኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፓስታው ከቀበሌ ሱቅ የተገኘ ነው። ክሬሙን የሰጡን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ባልየው ሸማኔ ነበሩ፤ እኔም ባለቤቴም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ሚስታቸውን ደግሞ "እትዬ"። እሳቸው አንዲት ላም ነበረቻቸው። በጾም ወተቱን የሚጠጣ ስለሌለ እያጠራቀሙ ለቅቤ ይንጡታል። የመጨረሻዎቹን ቀናት ወተት ስልባቦት ገፍፈው እንዲያስቀምጡልኝ ስለምናቸው "ስልባቦት በፓስታ?" ብለው በጣም ተገረሙ። ግን አስቀመጡልኝ፤ አንድ ቅል ሙሉ።

ጾሙ በተፈታ ቀን ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ሳልቀይር ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ነበር። ተራዬ ሲደርስ "ጭቅና፣ ሳይከታተፍ፣ በወፍራሙ ቁረጥልኝ" አልኩት። ሥጋ ሻጩ "ለጥብስ አይሆንሽም እኮ" አለ። "ይሆነኛል" አልኩት።

ማብሰል የጀመርኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ውስጥ ነበር፣ በሩን እያየ። ስጋው ጥሩ ሆነልኝ፤ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሽታው ግቢውን ሞላው። ፓስታው ግን የቀበሌ ፓስታ ነውና ገና ሲፈላ መለጠፍ ጀመረ። ቶሎ አወረድኩትና በክዳኑ እየከለከልኩ ውሃውን ደፋሁት። ክሬሙ ላይ ስደርስ ጉድ ሆነ። ከሰል እንደ ላምባ ምድጃ አይቀነስም። ነጭ ሽንኩርቱን በለጋ ቅቤ አቁላልቼ ስልባቦቱን ጨመርኩበት፤ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ስመለስ ይንተከተካል። ዓይኔ እያየ ቅቤው ወደ ላይ ወጣ፣ ከሥሩ እንደ አይብ የተቋጠረ ውሃ ቀረ።

ድስቱን አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እንባዬ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ለክሬም ያለቀስኩ አይመስለኝም።

እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ መሰለኝ፣ መጡ። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" አሉ። ድስቱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

"ጥሩ ሽታ አለው እኮ። ዱቄት አለሽ?"

የፉርኖ ዱቄት ሰጠኋቸው። ከቤታቸው ቀዝቃዛ ወተት አመጡና ዱቄቱን በጥቂቱ በጥብጠው፣ ድስቱ ከእሳት እንደራቀ እያማሰሉ ቀስ ብለው ጨመሩበት። ቅቤው ተመልሶ ገባ። እንደ ፒያሳው የለሰለሰ አይደለም፤ እዚህም እዚያም ጓጉሏል። ነጭና ወፍራም ግን ሆነ።

"ወጥ ነው፣ አትፍሪው" አሉኝና እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፍኩ። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ፣ ሁለት ቢላ አስቀመጥኩ። ፓስታውን አድርጌ ክሬሙን አፈሰስኩበት፤ ስጋውን ሳልቆርጥ ከላይ አስቀመጥኩ፤ ቁንዶ በርበሬውን ወቅጬ ነሰነስኩበት። ጠራሁት። መጥቶ ተቀመጠና ሳህኑን ብዙ ጊዜ አየው።

"ያው ነው" አለ።

ከዚያ ቢላውን አነሣና ስጋውን መቁረጥ ጀመረ። በትንንሹ፣ እኩል እኩል አድርጎ። የቆረጠውን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ያወጣና ዙሪያውን ይደረድራል። አንዱ ቁራጭ ተለቅ ካለበት ጫፉን ይቆርጥና አነስ ያለው ላይ ይጨምራል። ሊበላ የሚያዘጋጅ መስሎኝ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ቆርጦ ሲጨርስ ቢላውን አስቀመጠ፣ እጁን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አደረገ፣ ጠበቀ።

"ለምን አትበላም?" አልኩት።

"ሌሎቹ ገና..." አለና አቋረጠው። ራሱን ዝቅ አደረገ። "እጄ ነው። እጄ ለምዶ ነው።"

ከመጣ ጀምሮ ስለዚያ ቤት የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። እዚያ ስንቅ የሚመጣለትም የማይመጣለትም በቡድን በቡድን ሆነው አንድ ላይ ነበር የሚበሉት። በቡድኑ ምግቡን የሚያካፍለው እሱ ነበር። አካፋይ መጨረሻ ነው የሚያነሣው፤ ሌሎቹ ሳያነሡ አይነካም። እኔ ለእሱ ብዬ የቋጠርኩት ስንቅ ስንት አፍ ሲያልፍ እንደኖረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ተነሥቼ በአጥሩ በኩል ጎረቤቶቻችንን ጠራኋቸው። "ጋሼ፣ እትዬ፣ ኑ እንብላ።" ትልቁን ትሪ አወጣሁ፣ እንጀራ ዘረጋሁበት፣ የሁለታችንንም ሳህን ድስቱ ውስጥ ከቀረው ጋር ገለበጥኩበት። ጋሼ የጥጥ ብናኝ ልብሳቸው ላይ እንዳለ መጡ። ክሬም ያለበት ፓስታ በሕይወታቸው በልተው እንደማያውቁ ተናገሩና እጃቸውን ታጠቡ።

ባለቤቴ ሁለቱም እስኪያነሡ ጠበቀ። እኔም እስካነሣ ጠበቀ። ከዚያ ጎረሰ። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ፣ ዋጠ፣ ደግሞ አነሣ። ፓስታው እየተቆራረጠ በእንጀራ ካልተያዘ አይነሣም ነበር። እትዬ "ይሄ ነገር ይጣፍጣል እኮ" አሉ።

ትንሽ እንደበላን ባለቤቴ "ቃሪያ አለሽ?" አለኝ።

አመጣሁለት። ቃሪያውን ሰንጥቆ ትሪው ላይ አስቀመጠና ለጋሼ ማውራት ጀመረ። እዚያ አጠገቡ ይተኛ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ ከተማው ውስጥ አልነበረውም። አንድ ቀን ባለቤቴ ስለ ፒያሳው ፓስታ ሲያወራ ሰምቶት፣ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ "እስቲ ያን ፓስታ ሥራልን" ይለዋል። እሱም በቃል ይሠራል። ስጋው እንዲህ ይጠበሳል፣ ክሬሙ እንዲህ ይደረጋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያዳምጣል። ሹፌሩ ግን "ቃሪያ ከሌለውማ ምኑን ምግብ ሆነ" እያለ ቃሪያ ያስጨምረው ነበር።

"ነጭ ሽንኩርት አለው ወይስ የለውም ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው" አለ ወደ እኔ ዞሮ። "አላውቅም ስለው፣ ሚስትህን ጠይቃት አለኝ። ነበረበት ብለሽ ስትጮኺ ደስ አለው። እኔ ብዬህ አልነበር እያለ ሲኩራራ ዋለ።"

"እኔ እኮ አላውቅም ነበር" አልኩት። "ዝም ብዬ ነው ያልኩህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ጋሼም ነገሩ ባይገባቸውም አብረውት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እትዬ ግን እሱን እያዩ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ "ሰውየውስ ተፈታ?" አሉ።

"አንድ ጠዋት ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት" አለ። "ተሰናብቶን ወጣ። ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም።"

ጋሼ አማተቡ። ባለቤቴ ትሪው ላይ የቀረውን ስጋ በጣቱ ወደ እያንዳንዳችን ገፋ ገፋ አደረገ፣ እኛም በላን። ትሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ ማንም አልተነሣም።

በአንድ ማዕድ ሰው አይድንም። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ተኝቷል፤ በሩ በኃይል ሲንኳኳ ፊቱ አመድ ይመስል ነበር። ለውጡን ያየሁት በሌላ በኩል ነው። በማግስቱ ጋሼ "ብቻህን ከምትቀመጥ እኔ ዘንድ ና" ብለው ወሰዱት። ሸማቸውን ሲሠሩ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ክሩን ቀሰም በምትባል ሸምበቆ ላይ ማጠንጠን ተማረ። መጀመሪያ ይበጥሰው ነበር፤ እያደር እጁ ለመደ። መስከረም ጠብቶ እንጦጦ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ከበራቸው ውጪ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ከመንገደኛው ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ፣ ሲያጠነጥን አየው ነበር። ለመውጣትም ለመግባትም ማንንም አይጠይቅም።

ጥር ላይ ራቅ ያለ ትምህርት ቤት የማስተማር ሥራ አገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጋሼ ዘንድ መሄዱን አልተወም። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ የታቀፈችበትን ጋቢ የሠሩላት ጋሼ ናቸው፤ ክሩን ያጠነጠነው አባቷ ነው።