ለልብስ ሰፊው ሐሰን የመጣው ደብዳቤ

ጎበዜ ከጎጃም፣ ከቢቸና ተነስቶ አሰበ ተፈሪ የደረሰው በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ዝናብ ነው። ድሬሰር ነበር፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ክኒን የሚያድል። የከተማው ሰው ግን የድሬሰርና የሐኪም ልዩነት ምኑም አይደለምና ከመጣበት ቀን ጀምሮ "ሐኪም" አለው። ጎበዜ መጀመሪያ አፈረ፣ ኋላ ለመደው፣ በመጨረሻም እንዲያ ብለው ሳይጠሩት ሲቀሩ ቅር ይለው ጀመር። ሰው ነዋ!

ሲመድቡት ሁለት ዓመት ሠርተህ ትዛወራለህ ብለውት ነበር። ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። መሰላ ፈንጣጣ ገባ ሲባል በበቅሎ መሰላ፣ መቻራ ወባ ጸና ሲባል መቻራ፤ የመቻራ መንገድ ደግሞ ክረምት ሲገባ መንገድነቱን ይረሳል። በዚህ መሀል ቢቸና የቀረችው እናቱ ሳህሊቱ እያረጀች ሄደች፤ እሱም በየዓመቱ "ዘንድሮስ እመጣለሁ" እያለ ኖረ። ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። "አንድ ጊዜ ዓይንህን ልየውና ከዚያ በኋላ የፈቀደው ይምጣ" ብላ ታስጽፍለታለች። የጎበዜም ምኞት ከዚህች ቃል አያልፍም፤ እናቱን በቁሟ መድረስ።

ሐሰንን ያወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ በጭነት መኪና፣ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጥቶ ገበያው ዳር ሲዘል ሱሪውን ብረት ያዘውና ከታፋው እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ለመንግሥት ሥራ የመጣ ጎልማሳ በአደባባይ ታፋውን በሻንጣ ሸፍኖ ቆመ፤ ዝናቡም አልማረው። ከአንድ በረንዳ ሥር በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ጠይም ሰው ቀና አለና በእጁ ጠራው። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አላለውም። ሽርጥ ወረወረለትና "አውልቅ" አለው። የቄስ የልጅ ልጅ የሆነው ጎበዜ ሽርጥ አገልድሞ፣ የማያውቀው እስላም ሱሪውን ሲሰፋለት እያየ በረንዳው ጥግ ተቀመጠ። ዋጋ ሲጠይቀው ሐሰን መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። "እንግዳ ነህ" አለው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠም።

ያን ሰሞን ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ስለ ሥራው ሁለት መስመር፣ ስለ ሱሪው ሁለት ገጽ ነበር። ጎበዜ እንዲህ ነው፤ ክፉ ያደረገበትን ሰው ስሙን በሳምንቱ ይረሳል፣ ውሃ ያጠጣውን ግን ከነጣሳው ያስታውሳል። የበደሳ መንገድ ላይ በቅሎው ስትደነብር ልጇን እንዳዘለች ሮጣ ልጓሙን የያዘችለትን ሴት ጻፈ። ነፋስ የወሰደበትን ባርኔጣ ብሎ የጫነ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያቆመውን ሹፌር አብዱልቃዲርን ጻፈ። ደግ ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባል፤ ሆዱ በተባባ ቁጥር ቢቸና ትመጣበታለች። ለማን ይንገረው? ለእናቱ ይጽፈዋል። እሷም ደብዳቤውን የሚያነቡላትን የንስሐ አባቷን "እስቲ ያችን እንደገና" እያለች ታሰለቻቸዋለች አሉ። አንድ ጊዜማ "ያንን ሐሰን የሚሉትን ሰው በጸሎቴ እጠራዋለሁ፤ እግዜር ሃይማኖቱን አልጠየቀኝም" ብላ አስጽፋለታለች።

አንድ ነገር ግን ጎበዜ ለእናቱ ጽፎላት አያውቅም። ሐሰን ቁርኣኑን አሳምሮ ይቀራል እንጂ የአማርኛ ፊደል አያውቅም። የመንግሥት ወረቀት ሲመጣበት ጎበዜ ዘንድ ይዞ ይሄዳል፤ ሐሰን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ጎበዜ በመርፌው የታወቀውን ያህል በደብዳቤ አንባቢነቱም ታውቋል። ለእናቱ ግን ይህን ምን ብሎ ይጽፈዋል? የሚጻፍ ነገርም አልመሰለው።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ፈቃዱ ተፈቀደለት። ለጥቅምት፣ ሙሉ ወር። ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ የሄደው ወደ ሐሰን በረንዳ ነው። ሐሰንም ከመደርደሪያው ነጭ ጣቃ አውርዶ ገበታው ላይ ዘረጋ።

"ለእናትህ ቀሚስ እሰፋለሁ። ወገብ ስንት ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ኦቦ ሐሰን።"

"ቁመትስ?"

ጎበዜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳየ፤ ወዲያው ተጠራጠረና ወደ ትከሻው ከፍ አደረገው። ሐሰን ሳቀበት።

"ሐኪም ነህ፤ የሰው ሁሉ ገላ ታያለህ፤ የእናትህን አታውቅም?" አለና ወደ ገበያው ዞረ። "እሺ፣ ከነዚህ ሴቶች ማንን ትመስላለች?"

ጎበዜ ገበያውን ሲያይ ሲያይ ዓይኑ ከመሰላ ሽንኩርት ይዛ በመጣች አንዲት ባልቴት ላይ ቀረ። ሐሰን በኦሮምኛ ጠራት። ምን እንዳላት እንጃ፣ ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ለጎኗ ሻጭ አደራ ብላ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች። ሜትሩ ወገቧን ሲዞራት እየሳቀች ጎበዜን ታየዋለች። ስትሄድ ጉንጩን ነካ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"'ቶሎ ድረስላት' አለች" አለ ሐሰን።

ጎበዜ እስከ ጤና ጣቢያው አፍንጫውን ሲጠርግ ሄደ። ጉንፋን ነው ይላል።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ጧት፣ ሐሰን ራሱ ጤና ጣቢያ መጣ። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ደብዳቤ መጥቶለት፣ ከበሽተኞቹ ጋር ወረፋ ይዞ ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። ጎበዜ ፖስታውን ሲያይ የንስሐ አባታቸውን ጽሕፈት አወቀው።

"ኧረ ይሄ ከኔ አገር ነው! እናቴ ለእርስዎ ጽፋ!" አለና በደስታ ቀደደው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በሽተኞች ሳይቀሩ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ለተከበሩ አቶ ሐሰን። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን..."

ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ ወረደ።

"ይህን ወረቀት ልጃችን ጎበዜ እንዳያየው አደራ። እናቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ዐርፋለች። በዚያ አገር ዘመድ የለውም። እርስዎን ግን በየደብዳቤው ሲያነሳ ሰምተናልና እንደ ዘመድ ቆጠርንዎ። ዋዜማውን እህል አቅምሰው፣ በማለዳ ሰው ሰብስበው፣ እንደ ወጉ ያርዱልን። ብቻውን እንዳይሰማ።"

ጎበዜ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ነሐሴ ሃያ አራት! ፈቃድ አገኘሁ ብሎ የጻፈው መስከረም ውስጥ ነው፤ ለማን ጻፈው?

"ምን ይላል?" አለ ሐሰን። ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ፣ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

ጎበዜ ያንን ፊት አየ። እውነቱን ቢያነብለት፣ ይህ ሰው የወዳጁን መርዶ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ወረፋ ይዞ፣ በገዛ እጁ እንዳቀበለው ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ስለዚህ ጎበዜ ጉሮሮውን ጠረገና ከወረቀቱ ላይ የሌለ ደብዳቤ አነበበ።

"እናቴ ታመሰግንዎታለች። 'ልጄን ስላኖሩልኝ እግዜር ያኑርልኝ' ትላለች። ባለቤትዎን ሞሚናንም ሰላም በሉልኝ ትላለች።"

"ሞሚናን? የሞሚናን ስም ታውቃለች?"

"ጽፌላታለሁ።"

"አልሃምዱሊላህ!" አለ ሐሰን። እጁን ለደብዳቤው ዘረጋ። የሰው ደብዳቤ ነው፤ ምን ብሎ ይከለክለዋል? ጎበዜ አጣጥፎ ሰጠው። ማንበብ አይችል፣ ምን ያመጣል ብሎ አሰበ። ከዚያም "ቀጣይ!" አለ፤ ያበጠ እግር ያለው ሰውዬ ገባ።

ሰኞና ማክሰኞ እንዴት እንዳለፉ ጎበዜ ራሱ በኋላ ሊናገር አልቻለም። መርፌ ቀቀለ፣ ፋሻ ጠቀለለ። ማልቀስ ፈለገ፤ እንባው ግን አልመጣም። ባገሩ ቢሆን ሰው ያረዳዋል፣ ሰው ይይዘዋል፣ ሰው ሲያለቅስ ያለቅሳል። ማንም ያላረዳው ሰው ብቻውን ከምን ይጀምራል? ማክሰኞ ማታ በረንዳው አጠገብ ሲያልፍ ሐሰን የቀሚሱን ጠርዝ ሲዘመዝም አገኘው። "እይ፣ ለእግሯ እንዳይረዝም አሳጥሬዋለሁ" አለው። ጎበዜ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ አለፈ። ያቺን ሁለት ቃል ለማውጣት የከፈለው ጉልበት ከመቻራ ዳገት ይበልጣል።

ደስታ ምስጢር አይጠብቅም። ሐሰን ያንን ምስጋና ሚስቱ ሞሚና በጆሮዋ እንድትሰማው ፈለገ፤ ስሟ ተጠርቶ የለ? ረቡዕ ጧት፣ አስተማሪዋ ወሰንየለሽ ቀሚስ ልታስጠብብ ስትመጣ ደብዳቤውን ሰጣትና "ለሞሚና አንብቢላት፤ ቀስ ብለሽ" አላት። ወሰንየለሽ ከአንኮበር የመጣች ሴት ናት፤ የመርዶ ደብዳቤ አጻጻፍ ታውቃለች። ከሦስተኛው መስመር ላይ ማንበቧን አቆመች። ሐሰን "በርቺ እንጂ" አላት። እስከ መጨረሻው አነበበችለት።

ጎበዜ ይህን የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሐሰን ያን ቀን እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ አሉ፤ "እኔ ነኝ ያስነበብኩት፣ እኔ ነኝ" እያለ። ኋላ ግን ቀና ብሎ ወሰንየለሽን ጠየቃት፤ "የናንተ ሰው እንዴት ነው የሚያረዳ? ሁሉንም ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።"

ያን ዕለት ጎበዜ ከሥራ ሲመለስ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ሐሰን በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

"ዛሬ እኛ ጋ ነው የምትበላው" አለው። ጥያቄ አልነበረም።

ሞሚና ገንፎ አቀረበች። ቤቷ ውስጥ ቅቤ ሞልቷል፤ ገንፎው መሀል ላይ ግን የሚያብለጨልጨው የኑግ ዘይት ነው። ረቡዕ ነበር። እስላሟ ሴት የሱን ጾም አስታውሳ ቅቤውን አስቀርታለታለች። ጎበዜ ዘይቱን አየ፤ ሐሰንን አየ፤ ሐሰን ዓይኑን ከምድጃው ላይ አላነሳም፣ ግን በየደቂቃው "ብላ፣ ብላ" ይለዋል። ያን ጊዜ ገባው። "ዋዜማውን እህል አቅምሰው" ይል ነበር ደብዳቤው። ከሰኞ ወዲህ እህል አልወርድ ያለው ሰው ገንፎውን እስከ መጨረሻው በላ፤ ከጣዕሙ ይልቅ አደራው ነው ያስበላው።

ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐሰን እስከ ቤቱ ሸኘው። በሩ ላይ ሲደርሱ "ነገ ማለዳ በርህን አትዝጋ" አለው።

"እሺ፣ ኦቦ ሐሰን።"

ጎበዜ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጎሕ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማ፤ የአንድ ሰው አይደለም። በሩ ተገፍቶ ተከፈተ። ፊት ለፊት ሐሰን ነጭ ቆቡን አድርጎ ቆሟል፤ ከጎኑ ሞሚና፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ወሰንየለሽ፤ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ገብሬ ጋቢውን ተከናንቦ። ከኋላቸው ደግሞ ጎበዜ ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ግቢውን ሞልተዋል። ቁስላቸውን ያጠበላቸው፣ ደብዳቤ ያነበበላቸው፣ አንዳንዱም ፈጽሞ የማያውቀው ነው። የአንዱ እግር ላይ እሱ ራሱ የጠቀለለው ፋሻ ገና አለ። ወሰንየለሽ እንዳስተማረቻቸው ሁለት ሰዎች ወደ ውስጥ ገብተው በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት።

ሐሰን ሌሊቱን ሙሉ የተለማመደው አማርኛ ጠፍቶበታል። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤

"ጎበዜ፣ እናትህ ወይዘሮ ሳህሊቱ ዐርፈዋል። ዛሬ ነው የሰማኸው። አንተ ምንም አላነበብክም። እኛ ነን የነገርንህ።"

ጎበዜ "ሰማሁ" ሊል ፈልጎ ነበር። ያ ሦስት ቀን የጠፋው ድምፅ "እምዬ!" ብሎ ወጣ፤ ክንዱን የያዙት ሰዎችም አልለቀቁትም። ሐሰን የጎበዜን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው። ሞሚና በኦሮምኛ፣ ወሰንየለሽ በአማርኛ፣ አይተዋት የማያውቋትን ሳህሊቱን በስሟ እየጠሩ አብረውት አለቀሱ።