ብረት የምታነሳው ልብስ ሰፊ

ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ በክብደት አሠልጣኝነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከስፖርት ቤቱ ባለቤት የተቀበልኩት የመጀመሪያ ትእዛዝ ሴቶችን ብረት እንዳላስነካ ነበር። «ገመድ ይዝለሉ፤ ላብ ይውጣቸውና ይሂዱ» አለኝ። ቤቱ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ብረቶቹ ግማሾቹ ከባሕር ዳር የመጡ፣ ግማሾቹ በቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተን የሠራናቸው ናቸው።

ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች ብሎ ይፈራል። ጡንቻ እንዲያ በቀላሉ የሚበቅል ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት የቆሙት ወንዶቹ ደንበኞቻችን እንደከሱ ባልቀሩ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። አልሳቀም፤ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ለሴቶች ፈቀደልኝ። «አንዲቷ ብትጎዳ አንተም እነሱም ትወጣላችሁ» አለ።

አትጠገብ የመጣችው በጥቅምት ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ወፍራም ነበረች፣ ጉልበቷንም ያማታል።

«ለመቅጠን ነው?» አልኳት።

«መቅጠኑም ይሁን። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ብቻዬን ማንሳት ካልቻልኩ ወንድሜ ወደ ወገዳ ይወስዳታል። ከሁዳዴ በፊት እመጣለሁ ብሏል።»

«ወገዳ ምን አለባት?»

«ሚስቱ አለችባት።»

በራሷ ሜትር ወገቧንና ጭኗን እየለካች ትነግረኛለች። ሚዛን ስብና ጡንቻን አይለይም፤ ሜትር ይሻላል። ወገቧ ጠበበ፣ ጭኗ ግን ባለበት ጸና፤ ስቡ እየሄደ ጡንቻው ቀረ ማለት ነው። ለገና ሠላሳ ኪሎ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁጢጥ ብላ ትነሳ ነበር።

ጥር ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጭኗም መቅጠን ጀመረ፤ የለመደችው ሠላሳ ኪሎ አንቀጠቀጣት። ቁርስ ትበላ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ምንም አልጎደለብኝም» አለች። ወሩ የፍስክ ስለሆነ ጾም አልጠረጠርኩም። ስንፍና መሰለኝና አምስት ኪሎ ጨመርኩባት።

አራተኛው ዙር ላይ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ከንፈሯ ነጣ። እኔ በአንዱ ጫፍ፣ አብራት የምትሠለጥን ነርስ በሌላው ጫፍ ይዘን ብረቱን ከትከሻዋ ስናነሳላት ወለሉ ላይ ተዘረረች። ነርሷ የስኳር ውኃ አጠጣቻት። ቀና ስትል የመጀመሪያ ቃሏ «ወንድሜ እንዳይሰማ» ነበር።

ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን አይቷል። «እስከ ዓርብ ምክንያቱን ንገረኝ፤ አለዚያ የሴቶቹ ሰዓት አበቃ» አለኝ።

በማግሥቱ አንድ ቄስ ገቡ። የአትጠገብ የንስሐ አባት ናቸው። ሊከለክሏት የመጡ መስሎኝ የምከራከርበትን ሁሉ በሆዴ ደረደርኩ። እሳቸው ግን ብረቱን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ይህ ስንት ጊዜ ያስጎነብሳታል?»

«በአንድ ዙር ስምንት፣ አራት ዙር ነው አባቴ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሠላሳ ሁለት። ከቤቱ ጋር ሲደመር ብዙ ነው።»

«ከየትኛው ቤት?»

«እኔ ምንም አልነገርኩህም።»

«እኔም አልሰማሁም።»

«ለካ ሁለታችን ሳንተዋወቅ አንዲትን ሴት ከሁለት ወገን ስናስጎነብስ ከርመናል» አሉና ፈገግ ሳይሉ ቀጠሉ። «በጠዋት አታምጣት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እህል ቀምሳ ትምጣ። እኔም በበኩሌ አቀልላለሁ።»

ያኔ ገባኝ። ቀኖና ተሰጥቷታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ጠዋት ጠዋት ቤቷ ትሰግዳለች። የንስሐ ነገር ለአሠልጣኝ አይወራም። ያነበብኳቸው የስፖርት መጻሕፍት ሁሉ ስለ ስግደት አንድም መስመር የላቸውም።

ዓርብ ለባለቤቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት፤ ክብደት አበዛሁባት፣ ሰዓቱም አይስማማትም አልኩ። ሐሰት አልነበረበትም። «ሌላ ጊዜ የለህም» ብሎ አሥር ሰዓት ተኩልን ፈቀደ። ከአሥራ አምስት ኪሎ እንደገና ጀመርን። ሽሮና የባቄላ ንፍሮ በልታ ትመጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ አምስት ደረሰች፤ ጭኗም መክሳቱን አቆመ።

ወንድሟ የመጣው ለሁዳዴ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሁለት ሰዎችና ቃሬዛ ይዞ። እንድገኝላት ለመነችኝ፤ ሄድኩ። አትጠገብ እናቷን በብብታቸው ሥር አቅፋ ጉልበቷን አጠፈች። ሌላው ሰው ፊቷን አየ፣ እኔ እግሯን አየሁ። ተረከዟ ከመሬት አልተነሳም። እናትየዋን አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሰው አይቶሽ ተበረታትተሽ ነው» አለ ወንድሟ። «ወደ አልጋው መልሻት።»

መለሰቻቸው።

«አሁን ደግሞ ወደ ወንበሩ።»

«ልጄ፣ እኔ ጆንያ ነኝ?» አሉት እናቱ።

አትጠገብ ግን አንስታቸው ነበር። ወንድሟ ሰዎቹን «ቃሬዛውን አውጡት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ የሠልጣኝ ጉልበት ሲቀንስ ካየሁ መጀመሪያ ብረቱን አወርዳለሁ። ቀጥሎ የሚስማማትን ሰዓት እጠይቃለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።