ባለርስቱ ዓሣ

ባሕር ዳር፣ ከቤቴ አጠገብ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የእርጥብ ጥቁር አፈር ሽታ በመስኮት ገባ። ወዲያው ልቤ ወረታ ሄደ፤ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር የሸክላ አፈር እናወጣበት ወደነበረው ጉድጓድ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ደርግ መሬቱን ለአራሹ ካደለ ዓመታት ቢያልፉም፣ አያ ምሕረቴ የሚባሉት ጎረቤታችን አፈር የምናወጣበትን ቦታ አሁንም ርስቴ ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"ውጡ ከዚህ! ቅድመ አያቴ ያቀኑት መሬት ነው።"

እናቴ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር አውጥታ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች። ነጭ ዛጎል ነበር። ዝቅ ብላ ስትቆፍር ደግሞ የዓሣ አጥንት አገኘች።

"አያ፣ ጣና እዚህ ድረስ ነበር እንዴ?" አለች ተገርማ።

አያ ምሕረቴ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብለው አጥንቱን ተቀበሏት። ሐይቁ ከዚያ አይታይም፤ ሩቅ ነው።

"ይኸ ሁሉ ሜዳ ውኃ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲያ ባለርስቱ ዓሣ ነዋ!" እናቴ ሣቀች። "እኛም እንግዳ፣ እርስዎም እንግዳ።"

እሳቸውንም ሣቅ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲያ ከልክለውን አያውቁም።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "እማየ፣ ውኃው ቢመለስስ?" አልኳት።

"ሲመለስ እኛን የሚያገኘን መስሎሽ ነው?" አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም። ዛሬ እሷ ካረፈች፣ እኔም ከወረታ ከወጣሁ ቆይቷል። ጭቃ በነካ እጇ ትከሻዬን ይዛ የሄድንበት ያ መንገድ ግን እስካሁን ይናፍቀኛል።